ከድሮው ላፕቶፕ ወደ አዲሱ ስንዛወር የሚገጥሙ ችግሮችና መፍትሄያቸው

አዲስ ላፕቶፕ እጃችን ሲገባ የምናስበው ያው ነው። በፍላሽ ገልብጬ፣ በግማሽ ቀን ጨርሼ፣ አሮጌውን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ። ተረጋጉ። አሮጌውን ሁለት ሦስት ሳምንት ሳትነኩት አስቀምጡት። ከታች ያሉት ችግሮች አብዛኞቹ የሚፈቱት አሮጌው ላይ ተመልሶ ነው።

ፍላሹ ቦታ አለው፣ ፋይሉ ግን አልገባም ይላል

በዚህኛው እኔም ተሸውጃለሁ። ቪዲዮው 7 ጊጋ ነው፣ ፍላሹ ላይ ከ50 ጊጋ በላይ ባዶ ቦታ አለ፣ ኮምፒውተሩ ግን ፋይሉ በጣም ትልቅ ነው እያለ ድርቅ አለ። ፍላሹ ተበላሽቷል ብዬ ሌላ ፍላሽ ሰካሁ። ያው። ለካ ሁለቱም ፎርማት የተደረጉት በፋት 32፣ ማለትም ፍላሽ ፋይል በሚያስቀምጥበት የድሮ አሠራር ነው፣ ፋት 32 ደግሞ 4 ጊጋ የሞላ አንድ ፋይል አይቀበልም፣ የፈለገ ባዶ ቦታ ቢኖር።

ፍላሹ ላይ ራይት ክሊክ አድርጉና ፕሮፐርቲስ ግቡ። ፋይል ሲስተም ከሚለው ጎን ፋት 32 ካለ፣ ውስጡ ያለውን ሌላ ቦታ አስቀምጡና ይህ ገደብ በሌለው በኤክስፋት ፎርማት አድርጉት። ፎርማት ሁሉንም ያጠፋል፤ ይሄ ይታወቃል፣ ግን ሁሌም አንድ የሚረሳ ሰው አይጠፋም። ኤክስፋት ዊንዶውስም ማክም ላይ ይሠራል። ኤንቲኤፍኤስ (የዊንዶውስ የራሱ ፎርማት) ከሆነ ግን ማክ ያነበዋል እንጂ ሌላ ሶፍትዌር ካልተጫነ አይጽፍበትም።

ዴስክቶፕ ላይ የነበረው አልመጣም

ብዙ ሰው የሚደነግጠው እዚህ ጋ ነው። ስክሪኑ ላይ በዓይናችሁ የምታዩት ፎልደር፣ ሃርድ ዲስኩ ውስጥ ገብታችሁ ዴስክቶፕ የሚለውን ስትከፍቱ የለም። ወይ ደግሞ ኮፒው መሃል ላይ እየቆመ ኤረር ይላል።

ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ዋንድራይቭ፣ ማለትም ፋይል ኢንተርኔት ላይ (ክላውድ) የሚያስቀምጠው የማይክሮሶፍት አገልግሎት ነው። ባክአፑ በርቶ ከሆነ ዴስክቶፕና ዶክመንትስ የሚቀመጡት ዋንድራይቭ ፎልደር ውስጥ ነው። ከዚያም በላይ፣ ቦታ ለመቆጠብ ሲባል አንዳንዱ ፋይል ላፕቶፑ ላይ ስሙ ብቻ ነው ያለው፣ ሰውነቱ ክላውድ ላይ ነው። ከስሙ አጠገብ ትንሽ የደመና ምልክት ካያችሁ እሱ ነው። ኢንተርኔት በሌለበት ኮፒ ለማድረግ ብትሞክሩ የሚገለበጥ ነገር የለም።

ሁለት አማራጭ አለ። አዲሱ ላይ በዚያው አካውንት ግቡና ራሱ ያውርደው። ወይ አሮጌው ላይ ፎልደሩን ራይት ክሊክ አድርጋችሁ ሁሌም እዚህ ላፕቶፕ ላይ ይቀመጥ የሚለውን ምረጡ፣ ደመናው ሙሉ አረንጓዴ ክብ እስኪሆን ጠብቁ፣ ከዚያ ኮፒ አድርጉ።

ብሮውዘሩ መጣ፣ ፓስወርዱ አልመጣም

አፕዳታ የሚባለውን የተደበቀ ፎልደር አግኝታችሁ የክሮምን ፕሮፋይል እንዳለ ከገለበጣችሁ ጎበዞች ናችሁ፣ ግን አይሠራም። ቡክማርኩ ይመጣል። ፓስወርዶቹ ግን የተቆለፉት ከአሮጌው የዊንዶውስ አካውንት ጋር በተያያዘ ቁልፍ ስለሆነ አዲሱ ሊፈታቸው አይችልም።

ቀላሉ መንገድ ሲንክ ነው፤ ፓስወርዶቹን በአካውንታችሁ በኩል ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ ሌላው ያደርሳል። አሮጌው ላይ አብሩት፣ አዲሱ ላይ በዚያው አካውንት ግቡ። ሲንክ አልወድም የሚል ከፓስወርድ ማኔጀሩ ኤክስፖርት ያድርግ፤ የሚወጣው የሲኤስቪ ፋይል ነው። ተጠንቀቁ፣ እዚያ ፋይል ላይ ፓስወርዳችሁ ሁሉ ማንም ሊያነበው በሚችል ጽሑፍ ተዘርግቷል። አዲሱ ላይ እንዳስገባችሁ አጥፉት፣ ከሪሳይክል ቢንም ከፍላሹም።

ፕሮግራሙን ገለበጥኩት፣ አይከፈትም

አይከፈትም፣ አትድከሙ። ፕሮግራም ኢንስቶል ሲደረግ ሬጂስትሪ (ዊንዶውስ የፕሮግራሞችን ሴቲንግ የሚመዘግብበት) ውስጥና ሌሎች ፎልደሮች ውስጥም ይበተናል፣ እናንተ የገለበጣችሁት አንዱን ቁራጭ ነው። እንደ አዲስ ጫኑት። በገንዘብ የተገዛ ከሆነ መጀመሪያ አሮጌው ላይ ዲአክቲቬት አድርጉ ወይ ሳይን አውት በሉ፣ ምክንያቱም አንዳንዱ ላይሰንስ የሚሠራው በተወሰነ ቁጥር ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው።

የአማርኛ ጽሑፌ የእንግሊዝኛ ፊደል ድብልቅልቅ ሆነ

ፋይሉ አልተበላሸም። የተጻፈው ዩኒኮድ (ሁሉም ኮምፒውተር የሚያውቀው የፊደላት ኮድ) ባልሆነ የድሮ ፎንት ነው፣ ፎንቱ ደግሞ አብሮ አልመጣም። ከአሮጌው የዊንዶውስ ፎንትስ ፎልደር ውስጥ ፈልጋችሁ አዲሱ ላይ ጫኑት፣ ይስተካከላል።

አሮጌው ሞቷል፣ ዲስኩን አውጥቼ ሰካሁት፣ እምቢ አለ

እምቢታው ሁለት ዓይነት ነው። ፈቃድ የለህም ካለ፣ ፋይሎቹ ገና በአሮጌው አካውንት ስም ናቸው። ፎልደሩን ራይት ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ሴኩሪቲ፣ አድቫንስድ ብላችሁ ኦውነር የሚለውን ወደ ራሳችሁ ቀይሩ። 48 አሃዝ ያለው ቁልፍ ከጠየቀ ግን ዲስኩን የሚቆልፈው የዊንዶውስ ቢትሎከር ነው። ቁልፉ ብዙ ጊዜ ማይክሮሶፍት አካውንታችሁ ውስጥ ተቀምጦ ይገኛል፣ በስልክም ቢሆን ገብታችሁ እዩ። ከሌለ የትኛውም ባለሙያ አይከፍትላችሁም። ላፕቶፓችሁ ገና እየሠራ ይሄን የምታነቡ ካላችሁ፣ ቁልፉን አሁኑኑ ወረቀት ላይ ጻፉት።

ኮፒው አያልቅም

በሺዎች የሚቆጠሩ ጥቃቅን ፋይሎች ከአንድ ትልቅ ፋይል ይልቅ ያንቀረፍፋሉ። ዚፕ አድርጋችሁ አንድ ፋይል አድርጓቸው። የምትሰኩበትም ዩኤስቢ 3 ይሁን።

ሁሉም አልቋል ስትሉ ሁለቱም ላይ ፎልደሩን ፕሮፐርቲስ ግቡና የፋይሎቹን ቁጥርና ሳይዝ አስተያዩ። ሳይዝ ኦን ዲስክ የሚለውን ተዉት፣ እሱ ከዲስክ ዲስክ ይለያያል። ከዚያ ከየፎልደሩ ሁለት ሦስት ፋይል ክፈቱ፣ በተለይ ድሮ የተቀመጡትን። አሮጌውን ለሰው የምትሰጡት ከዚህ በኋላ ነው። ሪሴት ስታደርጉ ሁሉንም አጥፋ የሚለውን ምረጡ፣ ሴቲንጉ ውስጥም ክሊን ዳታ የሚለውን አብሩ። ሰዓታት ሊወስድ ይችላል፣ ቻርጀሩን ሰክታችሁ ተኙ።