ክራሩ በጨዋታ መሀል ሲያስቸግር

ክራር ቤት ውስጥ ለብቻችሁ ስትመቱት ጨዋ ነው። አመሉ የሚወጣው ጓደኛ ተሰብስቦ «በል እንጂ!» ሲል ነው። እኔም ለረጅም ጊዜ ጣቶቼን ስወቅስ ኖሬያለሁ። ኋላ ላይ ሳስተውል ግን ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የቅኝት እንጂ የጣት አይደለም። ስለዚህ ከእሱ ልጀምር።

ዘፋኙና ክራሩ አልገናኝ ሲሉ

ክሮቹ እርስ በርስ ተስማምተዋል። ሰው ድምፁን ሲያስገባ ግን የሆነ ነገር ይሻክራል። መንስኤው ከሁለት አንዱ ነው።

አንደኛው የከፍታ ልዩነት ነው። ዘፋኙ ለጉሮሮው ከሚመቸው ቦታ ጀምሯል፤ የእናንተ ክራር ሌላ ቦታ ላይ ተቃኝቷል። ጊታር ቢሆን አንገቱ ላይ ካፖ የሚባለውን የክር መቆንጠጫ አስራችሁ ትገላገሉ ነበር። ክራር ግን የተቃኘውን ድምፅ ብቻ ነው የሚሰጣችሁ። መፍትሄው ዘፈኑ ከመጀመሩ በፊት መነሻውን መስጠት ነው። ዘፈኑ የሚያርፍበትን ድምፅ ሁለት ሦስት ጊዜ ምቱና ዘፋኙ አፉን ዘግቶ ያንጎራጉረው። የአንገቱ ሥር ከተገተረ ከፍ ብሎበታል ማለት ነው፤ ሁሉንም ክር እኩል አውርዱ። ሁለት ክራር ካለ ደግሞ አንዱን ለቀጭን፣ ሌላውን ለወፍራም ድምፅ ቃኝቶ ማስቀመጥ ብዙ ጣጣ ይቀንሳል።

ሁለተኛው የቅኝት፣ ማለትም እንደ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ያሉት የአምስት ድምፆች አደራደር ልዩነት ነው። አንድ ቀን ሙሉ ትዝታ ላይ ሞቅ ብሎን ሳለ አንዱ ጓደኛችን ዓይኑን ጨፍኖ አምባሰል ጀመረ። እኔ ደንግጬ ባለኝ ቅኝት ተከተልኩት። የመጀመሪያው ስንኝ ሳያልቅ ዓይኑን ገልጦ አየኝ። ያችን አስተያየት እስከ ዛሬ አልረሳኋትም። መነሻችን አንድ ነበር፤ ያጣላን የሌሎች ሦስት ድምፆች ልዩነት ነው።

መድኃኒቱ ዘፈኖችን በቅኝት መደርደር ነው። ከቅኝት ቅኝት በዘፈቀደ ከዘለላችሁ፣ እናንተ ስትቃኙ ሰው ስልኩን ያወጣል። እኔ የምከተለው ቅደም ተከተል በእያንዳንዱ እርምጃ ሁለት ድምፅ ብቻ የሚያስነካ ነው። ከሙሉ ትዝታ እነሳለሁ። ሦስተኛውንና አምስተኛውን በግማሽ ድምፅ ሳወርድ ግማሽ ትዝታ ይሆናል። ከዚያ ሁለተኛውን በግማሽ አውርጄ፣ ሦስተኛውን በአንድ ሙሉ ድምፅ ስሰቅል አምባሰል ይመጣል። ከአምባሰል አራተኛውን በግማሽ አውርዶ አምስተኛውን በግማሽ መስቀል ደግሞ አንቺ ሆዬ ነው። ባቲ ከዚህ መስመር ውጭ ስለሆነ ሰው ውሃ ሊጠጣ ሲነሳ እቃኘዋለሁ።

ድምፆቹን የቆጠርኩት ከመነሻው ወደ ላይ ነው፤ በክሮቹ አቀማመጥ አይደለም። ባለ 6 ክር ክራር ከያዛችሁ ስድስተኛው ክር ከአምስቱ የአንዱ ኦክታቭ ነው፤ ያው ድምፅ ቀጥኖ ወይም ወፍሮ ማለት ነው። የየትኛው እንደሆነ እወቁ። ያ ድምፅ ከተነካ እሱንም አስከትሉ። ብዙ ሰው የሚረሳው ይችን ነው፤ ከዚያ «ክራሩ ምን ነካው?» ይላል።

ሁለት ዘፈን ሳይሞላ ክሩ ሲወርድ

ክሩ አዲስ ናይለን ከሆነ ገና እየተለጠጠ ነው፤ መቃኛውን አትውቀሱ። መሀሉን ይዛችሁ ቀስ እያላችሁ ሳቡት፣ መልሳችሁ ቃኙት፣ ደግሞ ሳቡት። ጨዋታው ነገ ከሆነ ዛሬ ቀይሩት እንጂ በዕለቱ አትነካኩት።

ክሩ አሮጌ ሆኖ ከወረደ ግን የሚንሸራተተው መቃኛው ነው። የእንጨት መቃኛ ከሆነ አውጥታችሁ ቀዳዳው ውስጥ የሚገባውን ክፍል ጠመኔ ቀቡት። ክሩ ቀንበሩ ላይ በጨርቅ ተጠምጥሞ የሚጠብቅ ከሆነ ጨርቁ አልቆ ልሟል፤ ሻካራ የጥጥ ጨርቅ ተኩበት። ስትቃኙም ሁልጊዜ ከታች ወደ ላይ እየሳባችሁ ድረሱበት። ካለፋችሁት ዝቅ አድርጋችሁ እንደገና ውጡ። ከላይ ወደ ታች የተቃኘ ክር ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ይወርዳል።

በስልክ መተግበሪያ የምትቃኙ ከሆነ የሰው ወሬ ያሳስተዋል። ስልኩን ገበቴው ላይ አስጠግታችሁ ያዙት።

ድምፁ ሲታፈን

በመጀመሪያ ክንዳችሁን እዩ። ቆዳው ላይ ተጋድሞ ከሆነ አንሱት፤ ሌላ ችግር ላይኖር ይችላል። እሱ ካልሆነ ቆዳው እርጥበት ስቦ ላልቷል። ክረምት ላይ የተለመደ ነው። በጣት መታ ስታደርጉት «ጠብ» ሳይሆን «ዱፍ» ይላል። ፀሐይ ላይ ወይም ከእሳት ራቅ አድርጋችሁ ጥቂት አሙቁት። እጃችሁን ቆዳው አጠገብ አድርጉ፤ ለእጃችሁ የሚያቃጥል ሙቀት ለቆዳውም አይሆንም። ሲደርቅ ቆዳው ተወጥሮ ቅኝቱን ስለሚያናጋው የምትቃኙት ካሞቃችሁ በኋላ ነው።

ክሩ ጥዝ ሲል

በገና ላይ ይህ ድምፅ ሆን ተብሎ ይፈለጋል፤ እንዚራ የሚባሉት ትናንሽ ቆዳዎች የሚገቡት ለዚሁ ነው። ክራር ላይ ግን ጆሮ ይበላል። አንድ ክር እየመታችሁ በሌላው እጅ የክሩን ትርፍ ጫፍ፣ ቋጠሮውን፣ ክሮቹ የተቀመጡባትን ብርኩማ በየተራ ጫን ጫን አድርጉ። ድምፁ የጠፋበት ቦታ ጥፋተኛው ነው። የእኔ ክራር ላይ ሁለት ጊዜም ጥፋተኛው ቆዳው ላይ የተንጠለጠለ የጥፍር ቁራጭ የምታህል የክር ጫፍ ነበረች። በመቀስ ቆረጥኳት፣ አለቀ።

ግርፉ ሲድበሰበስ

ድርድር ሲሆን አንድ አንዱን ክር በጣት ስለምትነኩ ያምራል፤ በግርፍ ሲሆን ሁሉም ክር አብሮ ይጮኻል። ሥራው ያለው ግራ እጅ ላይ ነው። ጣቶቹ ከኋላ ክሮቹን ነክተው ያፍናሉ፤ የምትፈልጉት ድምፅ ሲደርስ የእሱ ጣት ብቻ ይነሳል። ጨዋታ ሲሞቅ ግራ እጅ ይሰንፋል። መዝሙርም ይሁን ዘፈን፣ አንዱን ቀስ ብላችሁ በግርፍ ተለማመዱት፤ ቀኙን ሳይሆን ግራውን እያያችሁ።

ጭብጨባው ሲሮጥ

ችክችካ ከተጀመረ ይህ አይቀርም። ሦስተኛው ዙር ላይ ዘፋኙ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ እናንተም ግርፉ አልደርስ ይላችኋል። አጨብጫቢውን ልትቀድሙት አትሞክሩ፤ የባሰ ይሮጣል። ግርፉን ትታችሁ ወፍራሙን ክር ብቻ፣ በምቱ መነሻ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ መታ አድርጉ። ድምፅ ሲሳሳ ሰው ለመስማት ዝግ ይላል። እንቢ ካለ እኔ አንድ ዘዴ አለኝ፤ በጣም የሚያጨበጭበውን ልጅ ጠርቼ ክራሩን አቅፎ እንዲይዝልኝ እሰጠውና ውሃ ልጠጣ እነሳለሁ።