ባህር ዳር ውስጥ ቤት ልትቀይሩ ነው? እንግዲያው ዶሮውን መቼ ትገዛላችሁ?

መልሱን ከወዲሁ ልንገራችሁ። መጀመሪያ ግቡ። ቀጥሎ የዶሮ ቤቱን ሥሩ። ዶሮዎቹ በመጨረሻ ይምጡ። ብዙ ሰው ግን አዲሱ ቤት ሰፊ ግቢ እንዳለው ሲያይ ይጓጓና ገና አልጋው ሳይፈታ ገበያ ወርዶ ጫጩት ይዞ ይመለሳል። ከዚያ ዕቃ ሲጫን፣ አምፖል ሲገጠም፣ ቁልፍ ሲቀየር እነዚያ ጫጩቶች ካርቶን ውስጥ ውሃ እንኳ የሚሰጣቸው አጥተው ይውላሉ። ያሳዝናሉ።

ከመግባታችሁ በፊት የሚቀድመው መነጋገር ነው። ተከራይ ከሆናችሁ ውል ሳትፈርሙ ዶሮ ማርባት እንደምትፈልጉ ለአከራዩ በግልጽ ንገሩ። የጋራ ግቢ ከሆነ ጎረቤቱንም ጠይቁ። አብዛኛውን ጊዜ ሰው የሚማረረው በአውራ ዶሮው ጩኸት ነው፤ የምትፈልጉት እንቁላል ብቻ ከሆነ ደግሞ አውራ አያስፈልጋችሁም፣ ሴቷ ያለ እሱም ትጥላለች። ሌላም ጠይቁ፦ እዚህ ግቢ ዶሮ አልቆ ያውቃል ወይ? በፈንግል፣ ማለትም ዶሮን በሚጨርሰው ወረርሽኝ፣ ያለቁበት ቤት ከሆነ አሮጌውን ጉዝጓዝና ኩስ ጠርጋችሁ አቃጥሉ፣ ወለሉን እጠቡ፣ ኖራ ቀቡ፣ ፀሐይ እንዲገባው ከፍታችሁ ጥቂት ሳምንታት ባዶውን ተዉት።

አሁን ወደ ወቅቱ። ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው።

ልጅ ያለው ቤተሰብ ቤት መቀየር የሚቀናው ትምህርት ሲዘጋ ነው። ያ ደግሞ ባህር ዳር ላይ ሐምሌና ነሐሴ ነው፣ ዝናቡ የሚበረታበት ጊዜ። እርጥብ ጉዝጓዝ ላይ ያለ ጫጩት ኮክሲዲዮሲስ የሚባለው የአንጀት በሽታ ቶሎ ይይዘዋል፤ ኩሱ ደም ይቀላቅላል፣ ክንፉን ጥሎ ይኮራመታል። ፈንግልም ብዙ ጊዜ የሚነሳው ክረምቱ ሲገባ ነው፣ አንዴ ከገባ ደግሞ የሚያድን መድኃኒት የለውም፤ ያለው አስቀድሞ መከተብ ብቻ ነው። ስለዚህ በሐምሌ ወይም በነሐሴ የምትገቡ ከሆነ እባካችሁ እስከ መስከረም መጨረሻ ታገሡ።

ይህ ጊዜ ደግሞ በከንቱ አያልፍም። ክረምቱ ግቢውን ያሳያችኋል። ዋልካ አፈር ከሆነ ውሃው የት እንደሚተኛ፣ ነፋሱ ዝናቡን ከየት እንደሚያመጣው፣ የጎረቤት ውሻ በየት እንደሚሾልክ ታያላችሁ፤ ይህን ቤቱን ልታዩ በሄዳችሁበት ቀን በፍጹም ልታውቁት አትችሉም። የዶሮ ቤቱን ውሃ ከማይተኛበት ጥግ፣ ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ ሥሩ። ለ10 ዶሮ ከ2 እስከ 2.5 ካሬ ሜትር ይበቃል። ቆጥ አይርሳ። ቀዳዳዎቹን ሁሉ በወንፊት ሽቦ ድፈኑ፣ ሽለምጥማጥ በጠባብ ቀዳዳ ገብቶ በአንድ ሌሊት ይጨርሳቸዋል።

ለበዓል ሳምንት ሲቀረው አትግዙ። በእንቁጣጣሽ፣ በገናና በፋሲካ ዋዜማ ዋጋው ይወጣል፣ ከየአቅጣጫው የመጣ ዶሮም ገበያ ላይ ይቀላቀላል፣ በሽታውም አብሮ ይቀላቀላል። በዓሉ ይለፍ።

የአንድ ቀን ጫጩት ቤት ገና ለገባ ሰው አልመክርም። በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ይፈልጋል፣ ከዚያ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል እየተቀነሰለት ያድጋል። መብራት አንድ ሌሊት ከጠፋ አለቀ። የ45 ቀን ጫጩት ያንን አልፏል፣ እሱን ግዙ። ስትገዙ የትኞቹን ክትባቶች መቼ እንደወሰደ ጠይቃችሁ ጻፉ። ጥቅምት መጀመሪያ ላይ የገባ የ45 ቀን ቦቫንስ (የእንቁላል ዶሮ ዝርያ ነው) ከጥምቀት ወዲህ ወዲያ እንቁላል ይጀምራል። ሲጥሉ እያንዳንዳቸው በቀን 120 ግራም ያህል መኖ ይበላሉ፤ 10 ዶሮ በወር 36 ኪሎ ማለት ነው። የቤት መቀየሪያው ወጪ ኪሳችሁን ባራቆተበት ወር ይህን መጨመር ይከብዳል፣ ለመታገሥ ይህም ራሱ በቂ ምክንያት ነው።

በበጋ የምትገቡ ከሆነ እንዲህ ረጅም መጠበቅ የለባችሁም፣ ቤቱ መልክ እስኪይዝ ሁለት ሦስት ሳምንት ይበቃል። ከሚያዝያ ግን አታሳልፉ፣ ዝናቡ ሳይመጣ ይጠንክሩ። ምክር ካስፈለጋችሁ ዘንዘልማ የባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ ግብርና ኮሌጅ አለ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ደግሞ የአንዳሳ እንስሳት ምርምር ማዕከል።

ዶሮ ያላችሁስ? እንቁላል የታቀፈች ካለች 21 ቀኗን ጨርሳ ትፈልፍል፣ ከተቻለ ቀኑን ለእሷ ብላችሁ ግፉት። ሌሎቹን ከዕቃው ሁሉ በኋላ፣ መሸት ሲል ቆጥ ላይ ሳሉ ያዟቸው። አየር በሚያስገባ ቅርጫት አድርጋችሁ በባጃጅ ውሰዷቸው፤ እግራቸውን አስሮ ቁልቁል ማንጠልጠል ጭካኔ ነው፣ ይጎዳቸዋልም። አዲሱ ቤታቸው ውስጥ አንድ ሳምንት ያህል ዝጉባቸው። ከዚያ አመሻሽ ላይ፣ እራታቸውን ሳይበሉ ልቀቋቸው፤ ርቀው ሳይሄዱ መሽቶ ለመኖውም ለቆጡም ይመለሳሉ። እንቁላል ለአንድ ሁለት ሳምንት ቢቀንስ ወይም ቢቆም አትደንግጡ፣ አንዳንዷ ላባዋን ልታራግፍም ትችላለች። አዲስ ዶሮ የምትጨምሩ ከሆነ ነባሮቹ መጣል እስኪጀምሩ ጠብቁ፣ አዲሶቹንም ሁለት ሳምንት ለብቻ አቆይታችሁ ጤናቸውን ካያችሁ በኋላ ቀላቅሏቸው።