የእናት ሠርግ፦ በዕድሜ የገፉ ሙሽሮችን የፍቅር ኮሜዲ እንዴት እንጽፋለን?

የ64 ዓመት ባልቴትና የ70 ዓመት ጡረተኛ አዲስ አበባ ውስጥ ሊጋቡ ነው እንበል። ብዙ ጸሐፊ የሚሳሳተው ሳቁን ከዕድሜያቸው ሲፈልግ ነው፤ ጉልበት ሲንቋቋ፣ ጆሮ ሲከብድ። ተመልካቹ አንዴ ይስቃል፣ በሁለተኛው የገዛ እናቱ ትዝ ትለውና ይከፋዋል። ሳቁ ከልጆቹ ድንጋጤ ይምጣ።

የስክሪፕት አንድ ገጽ በግምት አንድ ደቂቃ ስለሆነ 95 ገጽ ይበቃል። የሁለቱ የፍቅር ምሥጢር እስከ 12ኛው ገጽ ይውጣ። ለዚህ አማርኛ ራሱ መሣሪያ ሰጥቶናል። ሁለቱ በሰው ፊት «እርስዎ» ይባባላሉ። አንድ እሑድ ቡና ላይ ግን እሱ ሳያስበው «ሲኒሽ ቀዘቀዘ እኮ» ይላል። «ሲኒዎ» ማለት ነበረበት። ሌላ ማብራሪያ አትጨምሩ፤ ካሜራው ቆሎ ልታነሣ እጇ መንገድ ላይ የቀረውን ሴት ልጅ ይያዝ።

የፊልሙ ሞተር ሽምግልናው ነው። የእናትየው አባትና ወንድሞች አልፈዋል፤ ስለዚህ ሽማግሌ የሚቀበለው የበኩር ልጇ ነው። «ልጃችሁን ለልጃችን» የነበረው ተገልብጦ «እናታችሁን ለወንድማችን» ይሆናል። ሽማግሌዎቹ መልስ ካላገኘን አንቀመጥም ብለው ቆመዋል፣ ሁሉም ከእሱ በዕድሜ ይበልጣሉ፣ እሱም ተቀመጡ ብሎ መለመን አለበት። አባት የሚጠይቀውን ይጠይቅ፦ «ሥራው ምንድን ነው? ይጠጣል?» እናትየው ጓዳ ሆና ትስማ፤ የምንሰማው የእሷን የሲኒ ኳኳታ ብቻ ነው፣ ጥያቄው በከበደ ቁጥር ኳኳታው ይበርታ። ትዕይንቱ ከ5 ገጽ አይለፍ፤ ልጁም በቀልድ ሳይሆን ከልቡ ተጨንቆ ይናገር።

የልጆቹ ተቃውሞ እውነተኛ ምክንያት ይኑረው፤ «ሰው ምን ይላል» ብቻውን ፊልም አይሸከምም። ቤቱን አምጡት። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ከጋብቻ በፊት የነበረ ንብረት የግል ሆኖ ይቀጥላል፤ ከግል ንብረት የሚገኝ ገቢ ግን የጋራ ነው። ስለዚህ ግቢው የእናትየው ነው፤ የሰርቪስ ቤቶቹ ኪራይ ግን የባልም ይሆናል። ይህን ግማሹን ብቻ የሰማ ልጅ ለወንድሙ በስልክ ሲያስረዳ፣ ወንድምየው ለእህቱ ሲያስተላልፍ፣ ወሬው ሦስተኛው ጆሮ ላይ ሲደርስ ቤቱ ተሽጧል።

ትርምሱ ከ70ኛው ገጽ ይጀምር፤ ሁሉም ሊረዳ ሲሯሯጥ የሚፈጠር እንጂ ክፉ ሰው ያመጣው አይሁን። ሦስት ግጭት ይበቃል፣ የእያንዳንዱም ምክንያት ግጭቱ ከመፈንዳቱ ቢያንስ 20 ገጽ ቀደም ብሎ ይዘራ። ልጁ ግቢው ውስጥ ድንኳን ሲያስተክል ከአሜሪካ የመጣችው እህቱ አዳራሽ ተከራይታለች፤ ግማሹ እንግዳ እዚያ፣ ግማሹ እዚህ፣ ዶሮ ወጡ መኪና ውስጥ።

የሥርዓት ስሕተት ተመልካቹን ወዲያው ያባርራል። ሠርጉን ጥር ላይ ወይም ከፋሲካ በኋላ አድርጉት፤ በዐቢይ ጾም የኦርቶዶክስ ሠርግ የለም። ሁለቱም ቀድሞ አግብተው የነበሩ ከሆነ ቤተ ክርስቲያን የምታደርስላቸው የመዓስባን ጸሎት ነው፤ ስለዚህ አክሊል አታስደፏቸው።

ቀረጻው ላይ የሚያስቸግረው ድምፅ ነው። ሙዚቃ እየተሰማ ንግግር ከተቀረጸ ኤዲቲንግ ላይ መቁረጥ አይቻልም። ሙዚቃውን 10 ሰከንድ ያህል ከፍታችሁ ምቱን አስይዟቸው፣ ከዚያ አጥፉት። ጨፋሪው መዳፉን ሳያገናኝ ያጨብጭብ፣ ጫማውን ያውልቅ። እልልታና ጭብጨባውን በኋላ ለብቻው 2 ደቂቃ ቅዱ። ጄኔሬተሩን ከግቢው አርቁ። 60 አጃቢ ቦታ እየቀያየረ በረጅም ሌንስ ሲነሣ ብዙ ሕዝብ ይመስላል። ጥሬ ሥጋ መብራት ሥር ይጠቁራል፣ እንጀራም ጠርዙ ይደርቃል፤ የምግብ ትዕይንቱን ከንግግሩ በኋላ ቅረጹ፣ ሁለተኛ ትሪም አዘጋጁ።

የ12ኛው ገጽ ዘር የሚታጨደው ድንኳኑ ውስጥ ነው። እናትየው ማይክራፎኑ መከፈቱን ሳታውቅ «አንተ፣ ጋቢህን ደርብ፣ ይበርድሃል» ትላለች። እዚህ ላይ ሙዚቃ አታስገቡ። ሦስት ሰከንድ ዝም በሉ፤ መጀመሪያ እልል የምትለው ሴት ልጇ ትሁን።