ሳልነካው ግብር የሚጠየቅበት ገንዘብ፦ የሚውችዋል ፈንድ ወረቀት ችግርና መፍትሄ

ለገጣፎ ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ፣ ከፎቶ ኮፒ ቤት ጀርባ አንዲት ጠባብ ክፍል አለችኝ። ሥራዬ ሂሳብ ነው። ሰፈሩ አሜሪካ ኖረው የተመለሱ ሰዎች አሉበት። ጥምቀት አልፎ ጥር ሲገባደድ ከሚውችዋል ፈንድ (የብዙ ሰው ገንዘብ ሰብስቦ አክሲዮንና የመሳሰለውን የሚገዛ ድርጅት ነው) የተላከላቸውን ፌስታል ሙሉ ወረቀት ይዘው ይመጣሉ። የሚያስቸግራቸው ነገር በየዓመቱ ያው ነው፤ ስለዚህ ልጻፈው አልኩ።

«አንድ ዶላር ሳልቀበል ግብር መጣብኝ»

ባለፈው አንድ ጋሼ መጡ። 1099-ዲአይቪ የሚባለውን፣ ፈንዱ ያከፋፈለውን ገንዘብ የሚያሳየውን ቅጽ ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግተው የሽያጭ ትርፍ የሚጻፍበት ሣጥን 2ኤ ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። «ልጄ፣ እኔ ከዚህ ሳንቲም አልነካሁም። አልሸጥኩም፣ አላወጣሁም። ታዲያ ግብሩ ለምን የኔ ይሆናል?»

ምክንያቱ ፈንዱ ራሱ ነው። የአሜሪካ የግብር ሕግ እንዲህ ያለውን ፈንድ «ሬጉሌትድ ኢንቨስትመንት ካምፓኒ» ይለዋል። ስሙን ለማግኘት የሚያሟላው ነገር አለ። ከጠቅላላ ገቢው ቢያንስ 90 በመቶው ከዲቪደንድ (ኩባንያ ለባለአክሲዮን ከሚከፍለው ትርፍ)፣ ከወለድ፣ ከአክሲዮን ሽያጭና ከመሳሰለው መምጣት አለበት። ንብረቱን በጥቂት ኩባንያዎች ላይ ማከማቸት አይችልም፤ ይህም በየሩብ ዓመቱ መጨረሻ ይታያል። ዋናው ግን ማከፋፈሉ ነው። ግብር ከሚታሰብበት የኢንቨስትመንት ገቢው ቢያንስ 90 በመቶውን ለባለድርሻ መስጠት አለበት። ይህን ካደረገ ላከፋፈለው ገንዘብ የኩባንያ ግብር አይከፍልም። ግብሩ ገንዘቡን ተከትሎ ባለድርሻው ቤት ይሄዳል፤ ባለድርሻው ለገጣፎ ቢሆንም።

የጋሼም ገንዘብ ተከፋፍሏል። ሂሳቡን ሲከፍቱ ግን «ዲቪደንዱ መልሶ ይግዛበት» የሚለው ላይ ምልክት አድርገው ነበር። እሳቸው ረስተውታል፣ ፈንዱ አልረሳም። ገንዘቡ እጃቸው ሳይገባ ተጨማሪ ድርሻ ሆነ። ለግብር ሰብሳቢው ደግሞ በእጅ የገባውም፣ መልሶ የተገዛበትም አንድ ነው። ሳይሸጡ የሽያጭ ትርፍ የተጻፈባቸውም ፈንዱ በውስጡ ያሉትን አክሲዮኖች ስለሸጠ ነው።

እንግዲህ ቅጹ ላይ ያለው ቁጥር እንዳለ ይሞላል፤ ከዚያ መሸሽ የለም። የሚያድነው ሌላ ነገር ነው፦ መልሶ የተገዛበትን ገንዘብ ሁሉ መግዣ ዋጋው ላይ መደመር። በ10,000 ዶላር የገዛ ሰው በየዓመቱ በመጣው ዲቪደንድ በድምሩ የ3,000 መልሶ ገዝቶ ከሆነ መግዣው 13,000 ነው። ሁሉንም በ15,000 ሲሸጥ ትርፉ 2,000 እንጂ 5,000 አይደለም። ይህን የማያውቅ በአንድ ገንዘብ ሁለቴ ግብር ይከፍላል። ከ2012 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የተገዛውን ድርሻ መግዣ ዋጋ ፈንዱ ወይም ደላላው (ድርሻውን የገዛልዎት ድርጅት) ለአይአርኤስ፣ ለአሜሪካ ግብር ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት፣ ያሳውቃል። ከዚያ በፊት ለተገዛው ማስረጃው እርስዎ ጋ ያለው ስቴትመንት ነው። አደራ፣ ከሰል ማያያዣ እንዳታደርጉት።

«24 በመቶ ቆርጠው ላኩልኝ»

የዚያው 1099-ዲአይቪ ሣጥን 4ን ይመልከቱ፤ አስቀድሞ የተቆረጠ ግብር የሚጻፍበት ነው። እዚያ የተጻፈ ገንዘብ ካለ፣ ብዙ ጊዜ ስምና የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር አልተጣጣሙም፣ ወይም ስምና ቁጥርዎን ለፈንዱ የሚያሳውቁበት ደብልዩ-9 የሚባለው ቅጽ አልተሞላም ማለት ነው። የኛ ሰው ስም እዚህ ላይ ያስቸግራል። ካርዱ ላይ የአባት ስም «ላስት ኔም» ሆኖ፣ ሂሳቡ ላይ የአያት ስም ገብቶ ታገኛላችሁ። ሌላው ስሙን አንዱ ላይ በ«ዋይ»፣ አንዱ ላይ በ«አይ» ጽፎታል። አዲስ ደብልዩ-9 ሞልተው፣ ስሙን ልክ ሶሻል ሴኩሪቲ ካርዱ ላይ እንዳለው አድርገው ይላኩ። የተቆረጠው ገንዘብ አይቀርም፤ ዓመታዊው የግብር ማስታወቂያ ላይ እንደተከፈለ ይያዝልዎታል።

«እኔስ 30 ነው የተቆረጠብኝ»

ይህ ሌላ ነው። እዚህ የምትኖር፣ ዜግነትም ግሪን ካርድም የሌላት ሚስት በስሟ ሂሳብ ካላት ተራው ዲቪደንድ ላይ 30 በመቶ ይቆረጣል። ኢትዮጵያና አሜሪካ ይህን የሚቀንስ የገቢ ግብር ስምምነት የላቸውም። እሷ የምትሞላው አሜሪካዊ አለመሆኗን የምታሳውቅበትን ደብልዩ-8ቤን ነው። ቅጹ ከተፈረመበት ዓመት ቀጥሎ ያለው ሦስተኛ ዓመት ሲያልቅ ያልፍበታል፦ በ2023 (እ.ኤ.አ.) የተፈረመ እስከ 2026 መጨረሻ። የሚደርሳት ወረቀትም 1042-ኤስ ነው። ፈንዱ የካፒታል ትርፍ ብሎ የለየው ክፍያ አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ 30 ነፃ ስለሆነ፣ እሱም ተቆርጦ እንደሆነ ይጠይቁ። አንድ ልጅ «ይቀንስላታል» ብሎ በእናቱ ስም ደብልዩ-9 ሊሞላ ሲል ደርሼበታለሁ። ያ ቅጽ የሚፈረመው «አሜሪካዊ ነኝ» ተብሎ ነው። ተዉት።

አልፎ አልፎ 2439 የሚል ቅጽ ይመጣል። ሰው አያውቀውምና ይጥለዋል። ፈንዱ የረጅም ጊዜ ትርፉን ሳያከፋፍል አቆይቶ 21 በመቶ ግብሩን ራሱ ከፍሏል ማለት ነው። 1,000 ዶላር ከተጻፈ፣ 1,000ውን ገቢ ብለው ያስመዘግባሉ፣ 210ሩ እንደከፈሉት ይቆጠርልዎታል፣ መግዣ ዋጋዎ ላይ 790 ይጨመራል። የጣለው ሰው 210 ዶላር ጣለ። የፈንዱ በጀት ዓመት በታኅሣሥ ላያልቅ ስለሚችል ወረቀቱ ባልተጠበቀ ወር ቢመጣ አይግረምዎ።

በጃንዋሪ የገባ ዲቪደንድ ባለፈው ዓመት ቅጽ ላይ ከተገኘ ስህተት አይደለም። ባለፈው ዓመት የመጨረሻ ሦስት ወራት ታውጆ በጃንዋሪ የተከፈለ በዲሴምበር 31 እንደተከፈለ ይቆጠራል።

«ወረቀቱ አልደረሰኝም»

የጋሼ ሁለተኛ ጥያቄ ይህ ነበር። የፈንዱ ቅጽ ጥር 23 ገደማ ይላካል፤ በደላላ በኩል ከሆነ ወደ የካቲት ይዘልቃል፣ የታረመም ሊከተል ይችላል። ስለዚህ አይቸኩሉ። ውጭ ለሚኖር የአሜሪካ ግብር ከፋይ ማስታወቂያው እስከ ሰኔ 8 ይፈቀድለታል፤ ያልተከፈለ ግብር ካለ ግን ወለዱ ከሚያዝያ 7 ጀምሮ ይቆጥራል።

የጋሼን አድራሻ ከፍተን አየን። ሜሪላንድ ያለች የእህታቸው ልጅ ቤት ነው። እሷ ከዚያ ቤት ከወጣች ሁለት ዓመት አልፏታል። ለገጣፎ ደጃፍ ድረስ ፖስታ የሚያመጣ የለም፤ ስለዚህ ወረቀቱ በኢንተርኔት እንዲደርሳቸው ፈቃዳቸውን ሞላን፣ አድራሻውንም ወደ ፖስታ ሣጥን ቁጥራቸው ቀየርን። መሃል ላይ መብራት ሄደና የቀረውን በስልካቸው ጨረስነው።