ፊልሙ ካለቀ በኋላ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ጎንደር፣ አራዳ አካባቢ ባለችው ቤታችን ቅዳሜ ማታ ፊልም እናያለን። አምስት ስድስት ሰው እንሆናለን። ቡና ይፈላል፣ ቆሎ ይቀርባል። በቅርቡ ያየነው በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣውን «ጁዳስ ኤንድ ዘ ብላክ መሳያ» (ይሁዳና ጥቁሩ መሲሕ) የተባለ የአሜሪካ ፊልም ነው። ለጥቁር አሜሪካውያን መብት ይታገል የነበረውን የጥቁር ፓንተር ፓርቲ የኢሊኖይ ግዛት ቅርንጫፍ ይመራ ስለነበረው ፍሬድ ሃምፕተን ይተርካል። አብሮት እየዋለ ለአሜሪካ ፌዴራል ምርመራ ቢሮ፣ ለኤፍ ቢ አይ፣ ይሰልለው ስለነበረው ዊልያም ኦኒልም ይተርካል። ካለቀ በኋላ እስከ እኩለ ሌሊት ተከራከርን። እዚያ የሰማኋቸውን፣ እኔም የሠራኋቸውን ስህተቶች ነው የምጽፈው። ታሪኩ በእውነት የደረሰ ስለሆነ መጨረሻውን እናገራለሁ። ያላያችሁት መጀመሪያ እዩት።

«ከሃዲ ነው» ብሎ መዝጋት

ፊልሙ ገና ሳያልቅ አንዱ ጓደኛችን «በቃ ይሁዳ ነው፣ ሌላ ምን ይባላል?» አለ። ክርክሩ እዚያው ሊያልቅ ነበር።

ኦኒል መኪና ሰርቆ ተያዘ። የኤፍ ቢ አይ ሰው እስር ቤት ወይም ስለላ፣ አንዱን ምረጥ አለው። ገባበት። በመጨረሻ የሃምፕተንን ቤት አሠራር፣ የመኝታ ክፍሉን ጭምር፣ በወረቀት ሥሎ ሰጠ። ዲሴምበር 4 ቀን 1969 እ.ኤ.አ.፣ በእኛ ኅዳር 1962 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ ሳይነጋ ፖሊሶች ቤቱን ሰብረው ገቡ። ከ80 በላይ ጥይት ተኮሱ። ከውስጥ የተተኮሰው አንድ ብቻ እንደነበር በኋላ በምርመራ ታወቀ። ሃምፕተን ከተኛበት ሳይነሳ ተገደለ። ማርክ ክላርክ የሚባለው ጓዱም ሞተ።

ይህ ክህደት ነው። አልከራከርም። ግን ቃሉን ወርውረን ስንነሳ ፊልሙ የጠየቀን ነገር ሳይመለስ ይቀራል። ኦኒል ለማን ነበር ታማኝ? ላሰማራው መኮንን? አብሮት ለበላ ለጠጣው ጓዱ? ወይስ ለራሱ ፍርሃት? ሃምፕተን ለሕዝብ ሲናገር ኦኒል በሰዉ መሀል ቆሞ ከልቡ ሲጮህ እናያለን። ያሰማራው መኮንን እንኳ ግራ ይገባዋል። ትወና ነው ወይስ እውነት? እኔ እውነት ይመስለኛል። ሰው በሚሸጠው ነገር ሊያምን ይችላል። ያስፈራኝም ይኸው ነው።

ዕድሜያቸውን መርሳት

ይህን የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ዋናዎቹ ተዋናዮች ሠላሳ ዓመት ገደማ ናቸው። ስለዚህ የበሰሉ ሰዎች አስበው የሠሩት አድርጌ ፈረድኩ። በኋላ ሳነብ ሃምፕተን ሲገደል 21 ዓመቱ ነበር። ኦኒል ደግሞ 20። ያን ማታ ፊልሙ በጭንቅላቴ ውስጥ ሌላ ሆነ።

ጎንደር ላይ ይህ ዕድሜ ቀላል ነገር አይደለም። ከ1969 ዓ.ም. ጀምሮ ቀይ ሽብር ይህችን ከተማ ሲበላት ከሞቱት ብዙዎቹ ተማሪዎች ነበሩ። በቀበሌ ስብሰባ ላይ «አጋልጥ» የተባሉትም እነዚያው ልጆች ናቸው። የክፍል ጓደኛውን ስም እንዲጠራ የተጠየቀ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ምን ያደርጋል? አንዳንዱ አፉን ዘግቶ ሞተ። አንዳንዱ ተናገረ፣ ዕድሜውንም ሙሉ አንገቱን ደፍቶ ኖረ። ለሁለቱ አንድ ስም አይበቃም። የሞተው ክብሩን አይጣ። የተናገረው ግን ስንት ዓመቱ እንደነበር ሳንጠይቅ አንፍረድበት።

ፊልምን እንደ ምስክር ቃል መውሰድ

አልጄሪያ ከፈረንሳይ ነጻ ለመውጣት ስላደረገችው ትግል በ1966 እ.ኤ.አ. የተሠራውን «ዘ ባትል ኦፍ አልጀርስ» የተባለ ፊልም ስናይ አንዱ «ይሄንንስ ካሜራ ይዘው እንዴት ደረሱበት?» ብሎ ጠየቀ። ጥቁርና ነጭ ነው፣ ምስሉ ሻካራ ነው፣ ፍጹም የዜና ፊልም ይመስላል። ከዜና የተወሰደ አንድም ቁራጭ የለበትም። ሁሉም ተተውኖ የተቀረጸ ነው። በዚያ ላይ የነጻነት ታጋዮች መሪ ሆነው ከተወኑት አንዱ፣ ሳዲ ያሴፍ፣ ራሱ አልጀርስ ውስጥ የታጋዮች አዛዥ የነበረ ሰው ነው። የሚናገረውን ያውቃል ማለት ነው። ወገንም አለው ማለት ነው። ሁለቱንም ይዛችሁ እዩት። የደረሰውን ለማወቅ ግን ከፊልሙ በኋላ ማንበብ ነው።

ተኩስ መቁጠር

«ቀርፋፋ ነው፣ ተኩሱ ዘገየ» የሚል አስተያየት ሁልጊዜ አይጠፋም። ከሃምፕተን ፊልም ልብ የሚያቆመው ቦታ ግን አንድ ጥይት የለበትም። ጓዶቹ ኦኒልን ይጠረጥሩታል። የመኪና ሌባ ነበርኩ ብሏላ፣ እስቲ ያለ ቁልፍ አስነሳ ይሉታል። እጁን ብቻ እዩት።

ወዲያው «ይሄማ የእነ እገሌ ታሪክ ነው» ማለት

ይህ ቤት ያፈርሳል። ፊልሙ ሳያልቅ ሃምፕተን የአንዱ ወገን መሪ፣ ኦኒል የሌላው ወገን ባንዳ ይሆናል። ከዚያ በኋላ የሚወራው ስለ ፊልሙ ሳይሆን እዚያ ስለተቀመጡት ሰዎች ነው። ባለፉት ዓመታት ብዙ ያየን ሕዝብ ነን። ቁስሉ አልሻረም። እኛ ቤት አሁን አንድ ስምምነት አለን። ስለ ፊልሙ ሰዎች በስማቸው አውርተን ሳንጨርስ ወደ ራሳችን አንመጣም። ከመጣንም ቀስ ብለን ነው።

አጠገባችን ማን እንዳለ አለማየት

ከሁሉም የሚቆጨኝ ይሄ ነው። ጎረቤታችን፣ ሁላችን እትዬ የምንላቸው እናት፣ ያን ቅዳሜ ቡና ሊያፈሉልን መጥተው ነበር። ፖሊሶቹ በሩን ሲሰብሩ ብድግ ብለው ወደ ጓዳ ገቡ። ከልጆቹ አንዱ «እትዬ፣ ፊልም እኮ ነው» አላቸው። እኔም ዝም አልኩ። ደክሟቸው መስሎኝ ነበር።

ክርክሩ ሲበርድ ተመልሰው ከረከቦቱ አጠገብ ተቀመጡ። በዝግታ ይህን አሉ፦

«መላኩ ተፈራ የእግዜር ታናሽ ወንድም፣
የዛሬን ማርልኝ ሁለተኛ አልወልድም።»

ጎንደር ውስጥ ይህን ግጥም የማያውቅ የለም። መላኩ ተፈራ በደርግ ጊዜ ጎንደርን ያስተዳደረው ሰው ነው። ልጇ የተያዘባት እናት የለመነችው ልመና ነው። ስንቴ ሰምቼዋለሁ። በር ሲሰበር ሰምቶ ከሚያውቅ ሰው አፍ ግን ያን ቀን ነው የሰማሁት።

ከዚያ እትዬ ስለ ኦኒል አልጠየቁም። ስለ መኮንኑም አልጠየቁም። ሃምፕተን ሲገደል እጮኛው ነፍሰ ጡር ነበረች፣ ከጎኑ ተኝታ። «ልጆቼ፣ ያቺ እርጉዝ ተረፈች?» አሉን።

«ተርፋለች እትዬ» አልኳቸው። «አንድ ወር ሳይሞላ ወለደች። ወንድ ልጅ ነው። ዛሬ በአባቱ ስም ይጠራል።»

«ተመስገን» አሉና ጀበናውን አነሱ። በረካው ገና አልተቀዳም ነበር።