ወጣት ስደተኞችን ወደ ትምህርት ገበታ ለመመለስ

እ.ኤ.አ. በ1951 የጸደቀው የስደተኞች ስምምነት በ22ኛው አንቀጹ ስደተኞች በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ከተጠለሉበት አገር ዜጎች እኩል እንዲስተናገዱ ያዛል፤ ከትምህርት ገበታ የመቅረት ችግሩ የሚብሰው ግን ከዚያ በላይ ባሉት ክፍሎች ነው። ስለዚህ ምዝገባ ሲያዘጋጁ በቅድሚያ የሰነዱን ጉዳይ ይፍቱ፤ የስምንተኛ ክፍል ካርዷ በሽሽት ላይ የጠፋባትን ተማሪ «ማስረጃ አምጪ» ብሎ መመለስ በሩን መዝጋት ስለሆነ፣ በሒሳብና በንባብ አጭር የምደባ ፈተና ሰጥተው ለደረጃዋ በሚመጥን ክፍል በጊዜያዊነት ይመዝግቧት። ፈተናው በምታውቀው ቋንቋ ይሁን (ይህ ዘወትር የሚዘነጋ ነገር ነው)፤ አለበለዚያ የሚለካው የሒሳብ ችሎታዋ ሳይሆን የቋንቋ እጥረቷ ይሆናል። ዕድሜያቸው ከክፍል ደረጃቸው ላለፈ የተፋጠነ ትምህርት (የበርካታ ክፍሎችን ትምህርት በአጭር ጊዜ የሚሸፍን)፣ ለሚሠሩት ደግሞ የማታ ፈረቃ ይክፈቱ። ሁለተኛ ደረጃን ላጠናቀቁት፣ እ.ኤ.አ. በ1992 ስለተጀመረው «ዳፊ» የተባለ የስደተኞች የነፃ ትምህርት ዕድል የማመልከቻው ጊዜ ሳያልፍ ይንገሯቸው።