«አልጌ» በሚለው ቃል አጠቃቀም ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

አልጌ፣ በአማርኛ የሥነ ሕይወት መጻሕፍት ዋቅላሚ የሚባለው፣ በብርሃን አስተፃምሮ ምግቡን ራሱ የሚያዘጋጅ፣ ነገር ግን እውነተኛ ሥር፣ ግንድና ቅጠል የሌለው ቀላል ዘአካል ነው። ቃሉ በተማሪዎች ማስታወሻም ሆነ በዜና ጽሑፍ ያለቦታው ሲገባ ደጋግሜ ስለማይ፣ ዋና ዋናዎቹን ስህተቶች ላንሳ።

የመጀመሪያው የነጠላና የብዙ ቁጥር ጉዳይ ነው። «አልጌ» በላቲን ብዙ ቁጥር ሲሆን ነጠላው «አልጋ» ነው። ይህን ነጠላ እንዳለ ወደ አማርኛ ማምጣት ግን አይገባም፤ «አንድ አልጋ በአጉሊ መነጽር ታየ» የሚል ዓረፍተ ነገር ያነበበ ሰው ወደ አእምሮው የሚመጣው መኝታ ነውና። «አንድ አልጌ»፣ «አልጌዎች» ማለት በቂ ነው፤ «ዋቅላሚ» የሚለውን ለመረጠ ደግሞ ጥያቄው ራሱ አይነሳም።

ሁለተኛው፣ በውሃ ላይ የተንሳፈፈ አረንጓዴ ነገርን ሁሉ አልጌ ማለት ነው። የጣና ሐይቅን የወረረው እምቦጭ ሥር፣ ቅጠልና ሐምራዊ አበባ ያለው አበባማ ተክል እንጂ አልጌ አይደለም።

ሦስተኛው ከሻጋታ ጋር ማምታታት ነው። ፀሐይ ላይ የከረመ ቢጫ ጀሪካን ውስጡ በጣት ሲዳሰስ የሚያሙለጨልጨው አረንጓዴ ልሃጭ ብዙ ጊዜ «ሻገተ» ይባላል። ሻጋታ ፈንገስ ነው፤ ለማደግም ብርሃን አይፈልግም። አልጌ ግን ያለ ብርሃን አይለመልምም፤ ጀሪካኑ ታጥቦ ጥላ ውስጥ ሲቀመጥ ልሃጩ ቶሎ የማይመለሰውም ለዚህ ነው።

አልጌን በመጠኑ ወይም በመኖሪያው መወሰንም ልክ አይደለም። በዓይን የማይታይ ባለ አንድ ህዋስ አልጌ እንዳለ ሁሉ፣ ከ40 ሜትር በላይ የሚረዝም የባሕር አልጌም አለ፤ በእርጥብ አፈርና በዛፍ ቅርፊት ላይ የሚኖርም አይጠፋም።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበኝ «ሰማያዊ አረንጓዴ አልጌ» የሚለው የቆየ ስም ነው። እነዚህ ዘአካላት እንደ አልጌ በብርሃን ምግባቸውን ቢያዘጋጁም፣ ህዋሳቸው እንደ አልጌ ህዋስ ኑክሊየስ (በሽፋን የተከበበ አስኳል) የለውም፤ ስለዚህ ሳይኖባክቴሪያ፣ ማለትም ባክቴሪያ ናቸው። በቢሾፍቱ አቅራቢያ የሚገኘውን አረንጓዴ ሐይቅ ስሙን ያሰጠውን መልክ ያላበሰው ስፒሩሊና ከነዚሁ ወገን ነው፤ በጨው ሐይቆቻችን ለትንሹ ፍላሚንጎ ዋና ቀለብ የሚሆነውም እሱ ነው። በቆቃ ሐይቅ ላይ እንደ አረንጓዴ ቀለም የሚንሳፈፈው ማይክሮሲስቲስም ሳይኖባክቴሪያ ነው፤ ይህኛው ግን ጉበትን የሚጎዳ መርዝ ሊያመነጭ ይችላል። «አልጌ ነው፣ ቢፈላ ይለቀዋል» ብሎ እንዲህ ያለውን ውሃ መጠጣት አደገኛ ነው፤ ማፍላት ህዋሱን ቢገድልም መርዙን አያጠፋውም፣ እንዲያውም ህዋሱ ሲፈነዳ በውስጡ የነበረው መርዝ ወደ ውሃው ይወጣል።